ድንገት ወገብ ሲይዝ
በመከር ሰሞን የአባላትን ጉልበት ስለመጠበቅ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር





እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ በዓል ላይ በብዛት የሚነገረው ስለ ቡናው ነው። ስንት ኩንታል እንደቀረበ፣ ምን ደረጃ እንዳገኘ፣ የትርፍ ክፍፍሉ ስንት እንደደረሰ ይዘረዘራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቡናው ከዛፍ ወርዶ መጋዘን እስኪገባ ድረስ አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው በሰው ጀርባና ወገብ ላይ ነው። ስለ ወገቡ ግን በስብሰባ ላይ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። የዛሬው ርእስ እርሱ ነው።

ነገሩ ለማንም አዲስ አይደለም። አባወራው ጀሪካን ለማንሣት ጎንበስ እንዳለ ቀጥ ማለት ያቅተዋል። እማወራዋ ያዘለችውን ልጅ ልታወርድ ዞር ስትል እንደ ጩቤ የሚወጋ ሕመም ይሰማታል። ጎረቤት «ወገቡን ያዘው፣ ወገቧን ያዛት» ይላል። በሌላ ወቅት ቢሆን ነገሩ በትዕግሥት ይታለፍ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ግን ቡና ቀጠሮ አይሰጥም። የቀላ እሸት በጊዜው ካልተለቀመ ዛፉ ላይ ይደርቃል፣ ይረግፋል፤ ከመሬት የተለቀመም ደረጃው ይወርዳል። በዚህ ሰሞን ሁለት ሳምንት የተኛ አባል ወይ ለቃሚ ቀጥሮ ከገቢው ይከፍላል፣ ወይ ቡናውን ገና ዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። በመሆኑም የአንድ አባል ወገብ የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩም ጉዳይ ነው።

ችግሩ የጅማ ገበሬ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረበት፤ በ2050 ቁጥሩ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ሰውን ከሥራው በማስተጓጎል ረገድ ከበሽታዎች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ሕመም ነው።

ወገብ ሲይዝ ምን ይሆናል?

ወገብ እርስ በርስ የተደራረቡ አጥንቶች፣ በመካከላቸው እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ለስላሳ ዲስኮች፣ ዙሪያውን ደግሞ ጅማትና ጡንቻ ያለው የሰውነት ምሰሶ ነው። ጡንቻ ወይም ጅማት ሲሳሳብ፣ ወይም አንዱ መገጣጠሚያ ሲቆጣ፣ በአካባቢው ያለው ጡንቻ ሁሉ ለመከላከል ይኮማተራል። ያ ቀጥ ማለት የሚከለክለው ሕመም በአብዛኛው ይኸው መኮማተር ነው። የሕመሙ ብርታት የጉዳቱን መጠን አያሳይም። ብዙ ሰው «ወገቤ ተሰበረ» ብሎ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ከመቶ ዘጠና ያህሉ የወገብ ሕመም ከስብራትም ሆነ ከሌላ ተለይቶ ከሚታወቅ በሽታ ጋር የተያያዘ አይደለም።

ለምን ጎንበስ ባሉበት ይይዛል? ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሶን ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዎች ዲስክ ውስጥ መለኪያ መርፌ በማስገባት ግፊቱን ለክተዋል። በጀርባ ሲተኛ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ሲቆም ይጨምራል፤ ጎንበስ ብሎ 20 ኪሎ ሲያዝ ደግሞ ቀጥ ብሎ ከመቆም እጥፍ አልፎ ይገኛል። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክብደቱ 20 ኪሎ መሆኑን ልብ ይሏል። በየቀኑ ከመሬት የሚነሣው ዕቃ፣ በአወቱ ወንዝ ዳር ጎንበስ ተብሎ የሚታጠበው ልብስ፣ መሬት ላይ ባለ ምድጃ የሚጋገረው እንጀራ፣ አጭር እጀታ ባለው መሣሪያ የሚነቀለው አረም ወገብን ጥቂት በጥቂት ያደክሙታል። የመጨረሻዋ ጀሪካን የምትከሰሰው በከንቱ ነው፤ ሥራውን የሠሩት ከእርሷ በፊት የነበሩት ናቸው።

በያዘበት ቅጽበት

የመጀመሪያው ነገር ሸክሙን መልቀቅ ነው። ጀሪካኑ ቢፈስም፣ ቅርጫቱ ቢደፋም ይውደቅ። ቀጥሎ በአቅራቢያ ያለ ግንድ፣ ግድግዳ ወይም የሰው ትከሻ ይዞ በዝግታ መተንፈስ ያስፈልጋል። መቆም ካልተቻለ በጉልበትና በእጅ መሬት ላይ መደገፍ ይቻላል። ሌላ ሰው በብብት ጎትቶ ሊያነሣው አይገባም፤ ሕመምተኛው በራሱ ፍጥነት ይነሣ።

ብዙዎችን የሚያሳርፈው አተኛኘት በጀርባ ተንጋልሎ እግርን ከጉልበት በማጠፍ ባትን በርጩማ ወይም የተሞላ ከረጢት ላይ ማሳረፍ ነው። በጎን ለሚተኛ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ይደረጋል። ከመኝታ ሲነሡ ቀጥታ በሆድ ጉልበት መነሣት ሕመሙን ይቀሰቅሳል። በቅድሚያ በጎን መዞር፣ እግርን ከአልጋው ማውረድ፣ ከዚያም በክንድ ገፍቶ መቀመጥ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ከሁሉ ይበልጣል። በየመንደሩ የሚሰጠው ምክር «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» የሚል ነው። የቀድሞ ሐኪሞችም እንዲሁ ይመክሩ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ሌላ አሳየ። ድንገት ወገባቸውን ከያዛቸው ሠራተኞች አንዱ ቡድን ሁለት ቀን እንዲተኛ፣ ሁለተኛው ልዩ የወገብ እንቅስቃሴ እንዲሠራ፣ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የተለመደ ኑሮውን እንዲቀጥል ተደረገ። ቶሎ የተሻለው ሦስተኛው ቡድን ነበር። የተኛ ጡንቻ ይደርቃል፤ የፈራ ሰውነት የበለጠ ይኮማተራል።

ስለዚህ ሕመሙ ጠንክሮ አንድ ቀን ቢያስተኛም በማግሥቱ ግቢ ውስጥ ጥቂት እርምጃ መሄድ፣ ማረፍ፣ እንደገና መሄድ ያስፈልጋል። መንቀሳቀስ ሲባል ጆንያ መሸከም ማለት አይደለም። ወገቡን የያዘው አባል ቆሞ እሸት ሊለይ፣ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ሊያገላብጥ፣ ሚዛን ላይ ሊጽፍ ይችላል። ሸክሙን ግን ለሳምንታት ለሌላ ሰው ይተው።

ብዙው ሰው ከጥቂት ቀን እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ከ1,600 በሚበልጡ ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ግማሾቹ የዳኑት በ17 ቀን ገደማ ነው። በዚሁ ጥናት ፓራሲታሞል የወሰዱት መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ከወሰዱት ቀድመው አልዳኑም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው፦ ወገብ በአብዛኛው በራሱ ይድናል፤ ለእንክብልና ለመርፌ የሚወጣው ገንዘብም ሁልጊዜ ቀን አያሳጥርም።

ኩላሊት፣ ወጌሻና መድኃኒት

በአካባቢው የወገብ ሕመም ሁሉ «ኩላሊት» ይባላል። ብዙ ሰው በዚህ ስም ሳይመረመር የኩላሊት መድኃኒት ይገዛል። ልዩነቱን በጥቂት ምልክት መገመት ይቻላል። ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የመጣ ሕመም ሰው ሲጎነበስ፣ ሲዞር፣ ሲነሣ ይለዋወጣል። የኩላሊት ሕመም ደግሞ በአብዛኛው ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎን ይሰማል፤ ቢተኙም ቢቆሙም አይለቅም፤ ብዙ ጊዜም ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሲሸኑ ማቃጠል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት አብሮት ይመጣል። እነዚህ ሲታዩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሽንት ማስመርመር እንጂ መገመት አይገባም።

የሞቀ ጨርቅ ማድረግና በለዘብታ በቅቤ ማሸት ሕመሙን ያስታግሳሉ፤ ጉዳት የላቸውም፤ ሙቀቱ ግን ቆዳ እንዳያቃጥል ጥንቃቄ ይደረግ። ወጌሻ በአካባቢው የተከበረ ሙያ ነው። ሆኖም የተያዘን ወገብ በኃይል መጠምዘዝ ወይም በእግር መርገጥ አደገኛ ነው፤ በተለይ ሰውየው ከዛፍ ወድቆ ከሆነ ፈጽሞ መነካካት የለበትም። መቀነትን ጠበቅ አድርጎ ማሰር ለጊዜው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከባድ ሸክም ለማንሣት ፈቃድ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም የወገብ ቀበቶን አይመክርም።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ለጥቂት ቀን ሊረዱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት የጤና ባለሙያ ሳያማክሩ ሊወስዷቸው አይገባም። ከገበያ አዟሪ ወይም ከጎረቤት የተረፈ መድኃኒት መውሰድም ለማንም አይበጅም።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አንዱ ከታየ መጠበቅ አይገባም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ሀ) ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሽንትንና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፤
ለ) በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፤
ሐ) እግር መዛል፣ መጎተት ወይም ከቀን ወደ ቀን እየደከመ መሄድ፤
መ) ሕመሙ ከዛፍ ወይም ከጋሪ ከመውደቅ ቀጥሎ የመጣ ሲሆን፤
ሠ) ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የቆየ ሳል ሲኖር፤
ረ) ቢተኙም የማይቀንስና ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ሲሆን።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የነርቭ መጨቆንን ያመለክታሉ፤ በእነርሱ የሰዓታት መዘግየት ዕድሜ ልክ ሊያስከፍል ይችላል። በተራ ሠ የተጠቀሰው ደግሞ በአገራችን ልዩ ትኩረት ይሻል። የሳንባ ነቀርሳ ወደ አከርካሪ አጥንት ሊዛመት ይችላል፤ ካልተፈላ ወተትና ከከብት ጋር ካለ ንክኪ የሚመጣው ብሩሴሎሲስም በወገብ ሕመም ሊጀምር ይችላል። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

የመጀመሪያው በር የቀበሌው ጤና ኬላ ነው፤ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሆስፒታል። ለከፋው ሕመም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በቅርብ መኖሩ ለአካባቢው ትልቅ ዕድል ነው። በጤና መድን በኩልም ዞኑ ቀዳሚ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከእነርሱ አንዷ ሊሙ ኮሳ ነበረች። መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ አባል ምልክቱን ሲያይ በገንዘብ እጦት አይዘገይም።

በቤትና በማሳ የሚደረግ ጥንቃቄ

ጥንቃቄው በሁለት ቃል ይጠቃለላል፦ ሸክሙን መክፈል፣ ሥራውን ከፍ ማድረግ።

ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሁለት ባለ 10 ሊትር አድርጎ በሁለት እጅ መያዝ ወገብን በሁለቱም ወገን እኩል ያስጭናል። ከመሬት ዕቃ ሲነሣ እግርን ከፈት አድርጎ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ወደ ሆድ አስጠግቶ መነሣት ይገባል። ዕቃ ይዞ ወገብን ማዞር ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነውና እግርን ማዞር ይሻላል። ምድጃውን በጭቃ ወይም በብሎኬት እስከ ወገብ ከፍ ማድረግ፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ፣ የዶማውንና የመጥረጊያውን እጀታ ማስረዘም ብዙ ወጪ አይጠይቁም። አንዱን ሥራ ለሰዓታት ከመቀጠል መቀያየርም ይረዳል፤ ለምሳሌ የለቀመ ጥቂት ይለይ፣ የለየ ጥቂት ይሂድ።

በማሳ ደግሞ ለቡናው ጥራት የሚደረገው ብዙ ነገር ወገብንም ያድናል። ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ ቡናውን ከአፈር ሽታ ሲጠብቅ፣ የሚያገላብጠውን ሰው ከመጎንበስ ያሳርፈዋል። ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የሚደረግ ጉንደላ ያረጀውን ዛፍ ያድሳል፤ አዲሱ ቅርንጫፍም ለእጅ ቅርብ ስለሚሆን ቅርንጫፍ መጎተትና ዛፍ ላይ መውጣት ይቀራል። በመልኮ ከሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ እንደ 74110 ያሉ የታመቀ ቁመና ያላቸው ዝርያዎችም ለለቃሚ ይመቻሉ።

አንዴ የያዘው ወገብ ተመልሶ የመያዝ ልማድ አለው። በ2024 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የወጣ ጥናት በ701 ሰዎች ላይ እንዳሳየው ከሕመሙ ከተሻላቸው በኋላ በባለሙያ እየተመከሩ በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል መራመድን ግባቸው ያደረጉት እንደገና የታመሙት በአማካይ ከ208 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ይህን ያላደረጉት ግን በ112 ቀን ነው። ገበሬ ብዙ ይሄዳል፤ ልዩነቱ ሸክም ሳይዙ መሄድ ነው።

የጆንያው ጉዳይ

እስካሁን የተባለው እያንዳንዱ አባል በቤቱ የሚያደርገው ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን በጠቅላላ ጉባኤ እንጂ በግል የሚወሰን አይደለም።

አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። እንግዲህ ለውጭ ገበያ የሚላክ አንድ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ሲሞላ ከ300 እስከ 360 ኪሎ እሸት በአንድ ቤተሰብ ጀርባ አልፏል ማለት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ ሴት ከወንድ በጣም ባነሰ መጠን እንድትሸከም አሳስቧል። በብሪታንያ ያለው የሥራ ደኅንነት መመሪያ ከዚህም ዝቅ ይላል፤ በወገብ ከፍታ ሰውነት አጠገብ ለሚያዝ ዕቃ ለወንድ 25፣ ለሴት 16 ኪሎ ነው። ከመሬት ለሚነሣ ዕቃ ደግሞ 10 እና 7 ኪሎ ብቻ ነው። በመጋዘን ደጅ ግን ጫኝና አውራጁ ባለ 60 ኪሎውን ብቻውን ያነሣል፤ ባለ 100 ኪሎ የእህል ኩንታልም አይቀርለትም።

በመሆኑም ለማኅበራቱ አመራሮች አራት ሐሳቦች ቀርበዋል።

1ኛ. እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲመጣ ከ25 ኪሎ በማይበልጥ ከረጢት እንዲሆን መወሰን። ጉዞው መብዛቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ባለ 25 ኪሎ ከረጢት በአህያ ግራና ቀኝ ሚዛን ጠብቆ ይጫናል፤ ታምቆ ያልታጨቀ እሸትም ቶሎ አይሞቅም፣ አይቦካም። ስለዚህ ውሳኔው ጥራትንም ይረዳል።

2ኛ. በመረከቢያውና በመጋዘኑ የመኪና ወለል ከፍታ ያለው ማውረጃ መድረክ መሥራት፣ የእጅ ጋሪ መግዛት፣ ባለ 60 ኪሎው ጆንያ በሁለት ሰው እንዲነሣ ማዘዝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ማኅበርም የቀን ሠራተኛ ሲቀጥር አሠሪ ነው።

3ኛ. በለቀማ ሰሞን ወገቡን ለያዘው አባል ደቦ ማደራጀት። በአካባቢው ደቦና ዳዶ የቆየ ባህል ነው፤ ለማረስና ለቤት ሥራ የሚጠራው ሰው ለሁለት ቀን ለቀማ ቢጠራ አይከብደውም። ይህ ከተደረገ አባሉ ቡናውን ዛፍ ላይ ሳለ አይሸጥም፤ ማኅበሩም እሸቱን አያጣም።

4ኛ. ከላይ የተዘረዘሩት ስድስት ምልክቶች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፈው በየመረከቢያው ሚዛን አጠገብ እንዲለጠፉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በስብሰባ ቀን እንዲያስረዷቸው ማድረግ።

ከአራቱ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው ሁለተኛው ነው፤ እርሱም ከትርፍ ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚመደበው ላይ ቀስ በቀስ ሊሠራ ይችላል። ሦስቱ ውሳኔ ብቻ ይፈልጋሉ።

የተከበራችሁ አባላት፣

የቡና ዛፍ ሲያረጅ ይጎነደላል፣ ያቆጠቁጣል። ሚዛን ሲበላሽ ይጠገናል። የሰው ወገብ ግን መለወጫ የለውም። በአወቱ መንደራም ሆነ በአጋሮ፣ በማናም ሆነ በሊሙ ጆንያ የሚያነሡ እጆች ሁሉ የዩኒየኑ ሀብት ናቸው። የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የቡናውን ዋጋ ሲመክር የጆንያውንም ክብደት በአጀንዳው ላይ ያስገባ።

ለአባላት፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለሠራተኞች ሁሉ ጤናማ የመከር ወቅት ይሁን!